ቀን የታሰረ፣ ሌሊት የሚቅበዘበዝ፦ ፈሪና ጉልበተኛ ውሻን ሥራ የማስያዝ መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ውሻ ያለበት ግቢ ብዙ ነው። ዕድሜው አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይሆናል። ጀርመን ሼፐርድ ነው ተብሎ የተገዛ ነው፤ ወይም ግማሹ ሼፐርድ፣ ግማሹ ሀበሻ። ቀን ጥግ ላይ በሰንሰለት ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል። ቆራሌው ሲያልፍ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮሃል። እንግዳ ሲመጣ ደረት ላይ ይወጣል። የተሰጣ ልብስ ይጎትታል፣ የአበባ መደብ ይቆፍራል፣ የራሱን ጭራ እያሳደደ ይሽከረከራል። ሰማዩ ሲያጓራ ደግሞ ያ ሁሉ ጀግና መኪና ሥር ገብቶ ይንቀጠቀጣል።

ቤተሰቡ "ይሄ ውሻ ለየለት" ይላል። ከዚያ ምክር መዝነብ ይጀምራል። አንዱ "እሰሩት፣ ይሰክናል" ይላል። ሌላው "አሯሩጡት፣ ይደክመዋል" ይላል።

ሁለቱም አይሠሩም። የታሰረው ይብስበታል። በየቀኑ የሚሯሯጠው ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ ባለቤቱን የሚያስከነዳ አትሌት ይሆናል። ፍርሃቱ ግን ያው ነው።

እንዲህ ያለ ውሻ ላይ ሁለት ነገር ተደባልቋል፦ ሥራ ያጣ ጉልበትና መላ ያልተበጀለት ፍርሃት። መፍትሔያቸው ይለያያል። ጉልበቱ መጀመሪያና ማብቂያ ያለው ሥራ ይፈልጋል። ፍርሃቱ ርቀትና ጊዜ ይፈልጋል። ከሁለቱ ሌላ ደግሞ ዝም ብሎ መተኛትን መማር አለበት። አዎ፣ መተኛትም ይሠለጥናል።

1. መጀመሪያ ሐኪም

ውሻ ሲያመው ይቅበዘበዛል፣ ሲነኩት ያጉረመርማል፣ አንዳንዴም ይነክሳል። የጆሮ ቁስል፣ የሆድ ትል፣ ቁንጫና መዥገር፣ ሼፐርዶችን የሚያጠቃው የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም፣ ሁሉም ጠባይ ያበላሻሉ። ስለዚህ ከማንኛውም ሥልጠና በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው አልፎ ከሆነም እግረ መንገዱን ይከተብ።

ጨዋ የነበረ ውሻ ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም ያገኘውን ሁሉ መንከስ ከጀመረ ግን ነገሩ ሥልጠና አይደለም። አትንኩት። ሰው እንዳይደርስበት ዘግታችሁ ሐኪም ጥሩ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መተው አይቻልም።

2. ሰንሰለቱን ምን እናድርገው?

"ቀን ታስሮ የዋለ ማታ ጎበዝ ጠባቂ ይሆናል" የሚለው አባባል ብዙ ቤት ውስጥ እንደ ሕግ ይታያል። እኔ አልስማማም። የታሰረ ውሻ የሚያስፈራው ነገር ሲመጣ መሸሽ አይችልም። መሸሽ ካልቻለ የቀረው ምርጫ መጮህና መናከስ ነው። ይህን ቀኑን ሙሉ ሲለማመድ ይውላል። በመጨረሻ የምታገኙት ሁሉን የሚፈራ ተናካሽ ነው። ጥሩ ጠባቂ ሰው ይለያል። የፈራ ውሻ ግን የጎረቤት ልጅም፣ ቆጣሪ አንባቢም፣ ሌባም ለእሱ አንድ ናቸው።

ቦታ ካለ ከግቢው አንዱን ጥግ በሽቦ ወይም በቆርቆሮ ከልሉለት። መንገዱ የማይታይበት ጥግ ይሁን። ብዙው ጩኸት የሚመጣው በበሩ ቀዳዳ ከሚያየው እግር ነው። ቦታ ከሌለና የግድ መታሰር ካለበት በሁለት ምሰሶ መካከል ሽቦ ወጥሩ፤ ማሰሪያው በቀለበት ሽቦው ላይ ይንሸራተት። ቢያንስ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጥላና ውሃ እንዳይለየው። ሰው የሚተላለፍበት መንገድ ላይ ደግሞ በፍጹም አትሰሩት።

እንቅልፉንም አስቡለት። ጎልማሳ ውሻ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይተኛል። ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ ቀን ልጆች የሚረብሹት ውሻ እንቅልፍ አጥቷል ማለት ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው እንኳ ይነጫነጫል።

3. አንድ ሳምንት አትንኩት፣ እዩት

ማስታወሻ ያዙ። ምን ሲመጣ ነው የሚነሣው? በስንት እርምጃ ርቀት? ከመጮሁ በፊት ምን አደረገ?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ትልቅ ናት። ውሻ መፍራቱን በጩኸት አይጀምርም። እንቅልፍ ሳይኖረው ያዛጋል። ሳይበላ ከንፈሩን ይልሳል። ፊቱን ያዞርና በዓይኑ ጥግ ያያል፤ ያኔ ነጩ ይታያል። ሳይሞቀው ያለከልካል። ውሃ ሳይነካው ሰውነቱን ያራግፋል። ጆሮው ወደ ኋላ ይለጠፋል፣ ጭራው እግሩ መሃል ይገባል። ይህን ሁሉ አድርጎ ሰሚ ሲያጣ ነው የሚጮኸው።

ርቀቱን ለመለካት ደግሞ ቀላሉ መሣሪያ ቁራጭ ጉበት ነው። ቆራሌው በ20 እርምጃ ርቀት ሲያልፍ ከእጃችሁ ይበላል? በ10 እርምጃስ? መብላት ያቆመበት ቦታ ላይ መማርም አቁሟል። እዚያ ቆማችሁ ብትቆጡትም ብታባብሉትም አይገባውም። ወደ 20 እርምጃ ተመለሱ፤ ትምህርት ቤቱ እዚያ ነው።

4. ዕቃዎቹ

ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። በደረት የሚታሰር ማሰሪያ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ ሰፋ ያለ የአንገት ማሰሪያ ይበቃል። ከ5 እስከ 10 ሜትር የሚሆን ጠንካራ ገመድ፣ አንድ ኬሻ ወይም አሮጌ ምንጣፍ፣ የጨርቅ ቁራጭ፣ ባዶ ሃይላንድና ካርቶን ያዙ።

ጉርሻው ወሳኝ ነው። ሥጋ ወይም ጉበት ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቅሉና በሽምብራ ፍሬ ልክ ክተፉት። ብዙ ስለሚሰጥ ትንሽ ይሁን፤ ከዕለት ቀለቡም ቀንሱለት። የወጥ ትራፊ ግን አይሆንም። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። ዘቢብ፣ ወይንና ቸኮሌትም ለውሻ መርዝ ናቸው። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። የዶሮ አጥንት በተለይ!

ዱላ፣ የሚያንቅ ሰንሰለትና በኤሌክትሪክ የሚነዝር ማሰሪያ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። "ውሻ አለቃው ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት" የሚሉ ሰዎች ሐሳባቸውን ያመጡት ከተኩላ ነው። ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣው ጥናቱ በአጥር ውስጥ አብረው የተዘጉ ተኩላዎች ለበላይነት ሲጣሉ ማየቱን ጻፈ። "የመንጋው አለቃ" የሚለውን ሐሳብ በኋላ በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ ዴቪድ ሚች ነበር። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1999 ነገሩን አረመው፦ በዱር ያለ የተኩላ መንጋ እናት፣ አባትና ልጆች ናቸው፤ ለሥልጣን የሚፋለሙ ባዕዶች አይደሉም። ውሻ ደግሞ ጭራሽ ተኩላ አይደለም። የፈራን ውሻ መምታት አንድ ነገር ብቻ ያስተምረዋል፦ እናንተም እንደምታስፈሩ።

ትእዛዞቹን ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ያድርግ። "ና"፣ "ቁጭ"፣ "ፈልግ"፣ "እንካ"፣ "ልቀቅ"፣ "ቦታህ"፣ "በቃ"። ሰባቱ ይበቃሉ። "ያዝ" የሚለውን ለጨዋታ አትጠቀሙበት፤ ሰፈር ውስጥ ውሻ በሰው ላይ የሚለቀቀው በዚህ ቃል ነው።

5. ጉልበቱን ሥራ ማስያዝ

ጀርመን ሼፐርድ የግቢ ጌጥ እንዲሆን አልተራባም። ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የተባለ የቀድሞ የፈረሰኛ ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 የዝርያውን ማኅበር ሲመሠርት የፈለገው ቀኑን ሙሉ ከበግ መንጋ ጋር ሲሠራ የሚውል ውሻ ነበር። የቤልጂየሙ ማሊኗም የእረኛ ውሻ ነው። የእረኛ ውሻ ሥራው የሚንቀሳቀስን ነገር ማየት፣ መክበብና መመለስ ነው። እናንተ ግቢ በግ የለም። ብስክሌት፣ ቆራሌውና የሚሮጥ ልጅ ግን አሉ። ውሻው ሥራውን እየሠራ ነው፤ መንጋው ነው የተሳሳተው። የሀበሻ ውሻም ሥራ ፈት አይደለም። ሰፈር መጠበቅና ምግቡን በአፍንጫው ፈልጎ ማግኘት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣበት ሙያው ነው።

መጀመሪያ የእናንተ ውሻ በምን እንደሚነቃቃ እወቁ። ኳስ አንከባሉለት። ጨርቅ በገመድ አስራችሁ መሬት ለመሬት ጎትቱ። ሥጋ ከድስት ክዳን ሥር ደብቁ። ዓይኑ የበራበትን ያዙ። ከዚያ ከሚከተሉት ጨዋታዎች በዚያ ላይ አተኩሩ። የመጀመሪያውን ግን ለሁሉም ውሻ እመክራለሁ።

*ፈልግ።* ጉርሻ አሳዩትና ፊቱ ሣር ላይ ጣሉት፤ "ፈልግ" በሉ። አገኘ፣ በላ፣ አለቀ። ይህን ለሁለት ሦስት ቀን ደጋግሙ። ሲገባው የቀለቡን ግማሽ በሳህን መስጠት ትታችሁ ግቢው ውስጥ በትኑለት። ቀጥሎ ከአበባ ማሰሮ ኋላ፣ ከጎማ ውስጥ፣ ከካርቶን ሥር ደብቁ። በዚህ ጊዜ ሲደበቅ አይይ። አምስት ካርቶን ደርድራችሁ አንዱ ውስጥ ብቻ ማድረግም ይቻላል። ካጣው አትጠቁሙት፤ ትንሽ ጠብቁና ቀጥሎ የቀለለ ቦታ ደብቁለት። በየቀኑ ማሸነፍ አለበት።

ይህን የለመደ ውሻ ከምግብ ወደ ሽታ ይሸጋገራል። ክዳኑ የተበሳ ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ጥቂት ቅርንፉድ አድርጉና በደንብ ግጠሙት፤ ቅርንፉዱን እንዳይበላው። ቆርቆሮውን ባሸተተ ቁጥር ጉርሻ ስጡት። ከዚያ ቆርቆሮውን ደብቁ። በአውሮፓና በአሜሪካ የማሽተት ውድድሮች ላይ ውሾች ከሚፈልጓቸው ሽታዎች አንዱ ይኸው ቅርንፉድ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሻይ ቤቱ ሁሉ አለው።

ለምን ይሠራል? የሼፐርድ አፍንጫ ከ200 ሚሊዮን በላይ የሽታ ሕዋሳት አሉት፤ የሰው ወደ 6 ሚሊዮን ነው። ያን ሁሉ መረጃ ማጣራት አእምሮ ያደክማል። ሩብ ሰዓት በትኩረት የፈለገ ውሻ ብዙውን ጊዜ ራሱ ሄዶ ይተኛል። ለፈሪ ውሻ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ በራሱ ፍጥነት፣ ማንም ሳያዝዘው የሚሳካለት ሥራ ነው። በጠባዩ ላይ ፈጥኖ ለውጥ ሲያመጣ ያየሁት ጨዋታ ይህ ነው።

*ጉተታ።* ውሻ ያስከፋል የሚሉት እውነት አይደለም፤ ደንብ የሌለው ጉተታ ነው የሚያባልገው። ጨርቁን "እንካ" ብላችሁ ስጡት። ወደ ላይ ሳይሆን ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን ወደ ጎን ጎትቱ። ከ10 ወይም 15 ሰከንድ በኋላ እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉና ድርቅ በሉ። ጨዋታው ሞተ። ሲሰለቸው ይለቃል። በለቀቀባት ቅጽበት "እንካ!" በሉና እንደገና ጀምሩ። ብዙ ሳይቆይ አንድ ነገር ይገባዋል፦ መልቀቅ ጨዋታ ያስጀምራል። ያኔ ሊለቅ ሲል "ልቀቅ" የሚለውን ቃል ጨምሩ። ቀጥሎ "ቁጭ" ጨምሩ፦ ይለቃል፣ ቁጭ ይላል፣ ጨርቁን ያገኛል። ጥርሱ እጅ ከነካ ያለ ቁጣ ጨርቁን ይዛችሁ ዞር በሉ፤ ለግማሽ ደቂቃ ጨዋታ የለም። ትንንሽ ልጆች ብቻቸውን አይጫወቱት።

*ማሳደድ።* ሜትር ተኩል በሚሆን ዱላ ጫፍ ላይ ገመድ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ጨርቅ እሰሩ። መሬት ለመሬት በሰፊው አዙሩት። አታዘልሉት፤ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ድረስ መገጣጠሚያው ገና ነው። የጨዋታው ፍሬ ያለው ሩጫው ላይ ሳይሆን ማቆሙ ላይ ነው። ጨርቁን አቁሙ፣ "ቁጭ" በሉ፣ ዓይናችሁን እስኪያይ ጠብቁ፣ ከዚያ "እንካ"። ከብስክሌት ኋላ የሚሮጥ ውሻ ፍሬኑን የሚማረው እዚህ ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሆዱ ሞልቶ አይሩጥ፤ ደረተ ጥልቅ ውሾች ጨጓራቸው ሊጠመዘዝ ይችላል፣ እሱም ይገድላል። ከበላ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ።

ኳስ ሃምሳ ጊዜ መወርወርን ግን አልወደውም። የውሻውን ስሜት ወደ ላይ ብቻ የሚያስወጣ፣ መውረጃ የሌለው ጨዋታ ነው። ከጨዋታ በኋላ ለግማሽ ሰዓት የሚያለከልክና ዕቃውን የሚለምን ውሻ ካላችሁ ያን ጨዋታ ለጊዜው ተዉት።

ምንጊዜም "በቃ" ካላችሁ በኋላ ዕቃው ይሰወር። ጥቂት ጉርሻ ሣር ላይ በትኑ፣ ለቃቅሞ ይጨርስ። ከዚያ የሚታኘክ ነገር ስጡት። ክዳኑና የአንገቱ ቀለበት የወጣለት ሃይላንድ ውስጥ ደረቅ ቀለብ ማድረግም ይቻላል፤ ፕላስቲኩን መብላት ከጀመረ ግን ውሰዱበት። ሩጫ፣ ማሽተት፣ ማኘክ፣ እንቅልፍ። ቅደም ተከተሉ አይቀየር።

6. የኬሻው ትምህርት

ኬሻውን መሬት ላይ አንጥፉ። ምንም አትናገሩ። ሲረግጠው ጉርሻ ከሁለቱ እግሮቹ መካከል፣ ኬሻው ላይ አስቀምጡ። ቁጭ ሲል ሌላ። ሲተኛ ሁለት ሦስት በተከታታይ። ጉርሻው ከእጃችሁ ሳይሆን ከኬሻው የሚበቅል ይምሰለው። ከዚያ ጊዜውን አራዝሙ፦ በየ3 ሰከንዱ፣ በየ5፣ በየ10፣ በየ20። "በቃ" በሉና አስነሡት። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ።

ድምፃችሁ ዝቅ፣ እጃችሁ ቀስ ይበል። "ጎበዝ! ጎበዝ!" እያሉ መጮህ የተኛውን ያስነሣል። ወዶ መሄድ ሲጀምር "ቦታህ" የሚለውን ቃል አምጡ።

ቡና የሚፈላበት ሰዓት ለዚህ ትምህርት ይመቻል። ሰው ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፣ የቆሎና የፈንዲሻ ሽታ አለ፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል። ኬሻውን ከከሰሉና ከጀበናው ራቅ አድርጋችሁ አንጥፉ። አንድ ሰው ጉርሻ ኪሱ ይያዝ። በመጀመሪያው ቀን እስከ አቦል ብቻ፤ ሲለምድ እስከ በረካ።

ከዚህም ሌላ ማንም ሳያዝዘው ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ስታገኙት ዝም ብላችሁ አንዲት ጉርሻ አፍንጫው ሥር ጣሉና እለፉ። እኛ ውሻ የምናየው ሲያጠፋ ብቻ ነው። ዝም ሲል ያለ አይመስለንም።

7. ጅራፍ፣ ርችትና ነጎድጓድ

ለአዲስ አበባ ውሻ ከባዱ ወቅት ከክረምት እስከ መስከረም ነው። በመጀመሪያ ነጎድጓዱ ይመጣል። ለቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ጅራፍ ይጮሃል፤ ልጆች ልምምዱን የሚጀምሩት ግን ቀደም ብለው ነው። ከዚያ የአዲስ ዓመት ርችት፣ መስከረም 16 ደመራ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የገና ርችት ይጨመራል። ስለዚህ ሥልጠናው በበጋ ይጀመር። በነጎድጓድ መሃል የሚጀመር ነገር የለም።

የጅራፍ ወይም የርችት ድምፅ በስልክ ላይ አዘጋጁ። ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጉት፤ ጆሮውን ብቻ ያንቀሳቅስ፣ አይነሣ። ድምፁ ይሰማ፣ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ሥጋ ይምጣ። እንደገና ድምፅ፣ ሥጋ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ሥጋው ከቀደመ፣ ሥጋ ባየ ቁጥር "አሁን ሊተኮስ ነው" ማለት ይጀምራል። በአንድ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ድምፅ ይበቃል። ድምፁን ሰምቶ ሥጋ ፍለጋ ወደ እናንተ ሲዞር ያኔ በትንሹ ከፍ አድርጉ። ከተንቀጠቀጠ ወይም መብላት ካቆመ ቸኩላችኋል፤ ወደ ቀድሞው ዝቅ በሉ። በስልኩ ከተላመደ ሰፊ ሜዳ ላይ አንድ ሰው ራቅ ብሎ እውነተኛ ጅራፍ ያጩኽለት።

ነጎድጓድ ይከብዳል። የስልክ ድምፅ ማጉያ ያን ወፍራም ድምፅ አያወጣውም። ብልጭታውም፣ ነፋሱም፣ የዝናቡ ሽታም አለበት። በስልክ የለመደ ውሻ በእውነተኛው ቢፈራ አትደነቁ።

በዓሉ ዕለት ሥልጠና የለም፤ ማሳለፍ ብቻ ነው። ጠዋት በደንብ ያሽትት፣ ይጫወት። ከመምሸቱ በፊት ቤት ይግባ። መጋረጃ ዝጉ፣ ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን ክፈቱ፣ የሚታኘክ ስጡት። አልጋ ሥር መግባት ከፈለገ ይግባ፤ ጎትታችሁ አታውጡት። "አትደባብሱት፣ ፍርሃቱን ታበረታቱታላችሁ" ሲባል እሰማለሁ። ይደባበስ። ፍርሃት እንደ "ቁጭ" በሽልማት የሚማሩት ነገር አይደለም። ማሰሪያው ላይ ስልክ ቁጥራችሁ ይኑር፤ በርችት ማታ አጥር ዘሎ የሚጠፋ ውሻ ብዙ ነው። ፍርሃቱ ከልክ ካለፈ ሐኪሙን ቀደም ብላችሁ አማክሩት፣ ለውሻ የሚሆን መድኃኒት አለ። የሰው የእንቅልፍ ኪኒን ግን በፍጹም።

8. ከበር ውጪ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንም በሌለበት ሰዓት ውጡ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው። ገመዱ ሲወጠር ቁሙ፤ ሲላላ ሂዱ። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። ዓላማው ኪሎ ሜትር መቁጠር አይደለም። አንድ አጥር ሥር አምስት ደቂቃ ቢያሸት ተዉት።

የሚያስፈራው ነገር ከሩቅ ሲታይ፣ ሳይጮህ ገና ሲያየው፣ ጉርሻ ስጡት። አየ፣ በላ። አየ፣ በላ። ነገሩ ከቀረበ "ና" ብላችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። መመለስ ሽንፈት አይደለም። ይህን መዞር ማንም በሌለበት ቀድማችሁ ከተለማመዳችሁት ይሳካል።

ባለቤት የሌላቸው የመንገድ ውሾች ሲመጡ አትሩጡ፣ ድንጋይም አትወርውሩ፤ የእናንተው ውሻ በጫጫታው ይብስበታል። ከሁለቱ መካከል ቁሙና እፍኝ ሙሉ ጉርሻ ወደነሱ በትኑ። እነሱ ሲለቅሙ እናንተ ትርቃላችሁ።

9. የግቢው በር

የቤተሰብ አባል እንግዳ ሆኖ ይተውን። ውሻው በገመድ ይያዝ፣ ኬሻው ከበሩ ራቅ ብሎ ይነጠፍ። በሩ ይንኳኳ። "ቦታህ።" ጉርሻ ኬሻው ላይ ይዘንብ። መጀመሪያ በሩ ሳይከፈት፣ ቀጥሎ ገርበብ ብሎ፣ ከዚያ ሰው እየገባ። እውነተኛ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እንግዳውን አሠልጥኑት፦ አይኑን አይትከልበት፣ እጁን ከውሻው ራስ በላይ አይዘርጋ፣ ዝም ብሎ ይለፍ።

ጥበቃ ያለበት ግቢ ከሆነ ግን ዋናው አሠልጣኝ እናንተ አይደላችሁም። ከውሻው ጋር ሌሊቱን የሚያሳልፉት ጋሼ ናቸው። ቃላቱን፣ ኬሻውን፣ ጉርሻውን አሳዩአቸው፣ ኪሳቸውም ጉርሻ አይጣ። የሰፈር ወጣት በሩን እየደበደበ "ያዘው!" እያለ የሚያስጨፍረው ከሆነም እሳቸው ይከልክሉት። ያ ካልቆመ የቀኑ ልፋት ሁሉ ሌሊት ይፈርሳል።

10. ስንት ጊዜ ይፈጃል?

የማሽተቱና የኬሻው ለውጥ በሳምንታት ውስጥ ይታያል። ፍርሃቱ ግን ወራት ይወስዳል፣ አንዳንዱም አብሮት ይኖራል። ደህና ሰንብቶ በአንድ ርችት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ርቀቱን ጨምሩ፣ የቀለለውን ደረጃ ድገሙ። ሰው ከነከሰ፣ ልጅ ላይ ካጉረመረመ ወይም ራሱን እስኪያቆስል ከላሰ ብቻችሁን አትሞክሩ። አፍ መሸፈኛ በጉርሻ አስለምዱት፤ የእንስሳት ሐኪምና ያለ ድብደባ የሚያሠለጥን ባለሙያ ይየው።

ሥራ የሚበዛበት ቀን ይኖራል። ያን ቀን ሩጫውን ዝለሉ፣ ማሳደዱንም ዝለሉ። ቀለቡን ግቢ ውስጥ በትኑለት፣ ማታ ራት ስትበሉ ኬሻው ላይ ይተኛ። ሁለቱ አንድ ላይ ሃያ ደቂቃ አይፈጁም።